የልጅ እጅ፣ የሽማግሌ ጆሮ

ሙዚቃ ወደ ቆቦ የሚመጣው በመንገድ ነበር፣ ወገኖቼ። እንደ ዛሬው በስልክ ሽው ብሎ አይደርስም፤ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭኖ ነበር የሚመጣልን። ካሴቱ ከአዲስ አበባ በሾፌሩ ኪስ ይነሳና ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱን ይቀምሳል፣ ከዚያም የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይወርዳል፣ ከዚያም በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ያድራል፣ በማግስቱም ሐይቅን በስተቀኝ ትቶ ውጫሌን፣ መርሳንና ወልዲያን ያልፋል፣ ከዚያም ጎብዬንና ሮቢትን ተሻግሮ፣ የመኪናው መስታወት በአቧራ ተሸፍኖ፣ ሾፌሩም አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎ፣ ቆቦ ይገባል። ካሴቱን ሙቀቱ ስላለሰለሰው አንዳንዴ ክሩ ተዘርግፎ ይወጣል፣ የሻይ ቤቱም ልጅ ቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርሳም ቀዳዳ ሰክቶ ቀስ እያለ ይጠቀልለዋል፣ እኛም ብርጭቆአችንን ይዘን ዝም ብለን እንጠብቀዋለን፣ ከዚያም ቁልፉ ቀጭ ሲል አዲስ አበባ የተመታ ኦርጋን ራያ ሜዳ ላይ ይናገራል።

ዛሬ የምተርክላችሁ ከዚያ ኦርጋን ኋላ ስለተቀመጠው ሰው ነው። በልጅነቱ ስለጀመረ፣ በጉብዝናው ስለተወደደ፣ ከዚያም ለብዙ ዘመን ከመድረክ ስለራቀ፣ በ70 ዓመቱም በአንዲት ምሽት ሰው ፊት የተጫወተው ተቀድቶ አልበም ስለሆነለት ሰው። በመሐል የሌላ አገር ልጆች አሉ፣ እነሱንም እጠራቸዋለሁ። ታሪኩ ባሕር ስለሚሻገር ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ታገሡኝ፤ ቡናው ገና አቦሉ ነው።

ያ ካሴት መጀመሪያ ብርድ የሚቀምስበት ደብረ ብርሃን የዚህ ሰው የትውልድ አገር ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1946 እዚያ ተወለደ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው አዲስ አበባ ገባ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ትግርኛውንም ዘፈን እየሰማ አደገ፣ ከዚያም 14 ዓመት ሲሆነው አኮርዲዮን ያዘና ማንም ሳያስተምረው ራሱን አስተማረ። አኮርዲዮንን የያዘ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃው ከደረቱ ይሰፋል፣ ማንገቻው ትከሻውን ይቆርጠዋል፣ አገጩ ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል፣ የግራ እጁ የሚነካቸውን ቁልፎች ደግሞ ጨርሶ አያያቸውም፣ በመዳሰስ ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ኃይሉም በዚያው ዕድሜው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ፣ ከትልልቆቹም መካከል ቆመ፣ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆይቶ ወጣ፣ ከዚያም በከተማይቱ የምሽት ክለቦች ውስጥ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያለ መሥራት ጀመረ።

እኛ ራዮች ስለዚህ ዓይነቱ ልጅ የምናውቀው ነገር አለ፤ በጎርፍ እናውቀዋለን። ዝናቡ ላይ በደጋው ይዘንባል፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፣ ከዚያም ሆርማትም ጎሊናም በድንገት እያገሱ ይመጣሉ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለሉ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪንቀጠቀጥ። ገበሬው ዶማውን ይዞ ሮጦ፣ ጎረቤቱንም ጠርቶ፣ ውሃውን ጠልፎ ወደ ማሳው ካልመራው ያ ሁሉ ኃይል አሸዋ ጥሎ መሬት ቆርጦ ያልፋል፤ ከመራው ግን ማሽላው በአንድ ጎርፍ ጠጥቶ የሰው ቁመት ያክላል። የልጅ ተሰጥኦም እንዲህ ነው የሚመጣው። ሠርግ ላይ ከበሮውን ከእናቶች ነጥቆ የሚመታውን ልጅ ተመልከቱ፤ ኃይሉን ሁሉ በመጀመሪያው ዘፈን ያፈሰዋል፣ ጭብጨባውን ይቀድመዋል፣ ዘፋኟ ትንፋሽ እስክትወስድ እንኳ አይጠብቃትም። ሽማግሌዎቹም አይቆጡትም፤ ይስቁና ይተውታል፣ ምክንያቱም መምታቱን እጁ ያውቀዋል፣ መስማቱን ግን ጆሮው ገና አልተማረም። ጆሮ የሚማረው ቆይቶ ነው። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የምወደውም ጆሮው እንዴት እንደተማረ ስለሚታይበት ነው።

ከዚያም 1960ዎቹ አልፈው የ1970ዎቹ መጀመሪያ መጣ፣ በምሽት ክለቦች የተገናኙ ወጣቶችም ተሰብስበው ባንድ መሠረቱ፣ ከአገራችን ተራራ በቀር በዓለም ላይ በማይገኘው እንስሳ ስምም ዋልያስ አሉት። ያን ጊዜ ሙዚቀኛው ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ኦርኬስትራ ወታደር ወይም የክለብ ባለቤት ቅጥረኛ ነበር፤ መሣሪያው የጌታው ነው፣ ሲባረር ባዶ እጁን ይወጣል። እነዚህ ልጆች ግን የማንም አልነበሩም፣ የራሳቸው ነበሩ። ኃይሉ በኦርጋኑ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎኑ፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔቱ፣ ማሕሙድ አማን በጊታሩ፣ መላከ ገብሬ በቤዙ፣ ተማረ ሐረጉ በድራሙ፣ ግርማ በየነም በፒያኖውና በቅንብሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንድ ማለት አንድ ሰው ሲያጠፋ ሌላው የሚሸፍንበት ማኅበር ነው፣ እኛ በደቦ እንደምናውቀው፣ በደቦ ደግሞ የመጣው ሰው ሁሉ ስሙ ይነሳል።

ዋልያሶች ሒልተን ሆቴል ገቡና አሥር ዓመት ያህል እዚያ ሠሩ። አሁን እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አብዮቱ በ1974 ፈነዳ፣ ደርግ መጣ፣ ከደርግ ጋርም ሰዓት እላፊ መጣ። በዚያ ዘመን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልኖራችሁም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በመንገድ የተገኘ ሰው ለነፍሱ ዋስ አልነበረውም። እናም ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው አንዴ ከገባ እስኪነጋ መውጫ የለውም፣ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አስቡት እስቲ። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ወይ ከወዳጁ ጋር መጥቷል፣ መጀመሪያ ይጨፍራል፣ ከዚያም ይደክመዋል፣ ከዚያም ጫማውን ያወልቃል፣ ከዚያም አንገቱን ወንበሩ ላይ ያሳርፋል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ውጭ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ ማንም ስለ ተኩሱ አይናገርም፣ ሙዚቀኞቹ ግን አሁንም ቆመዋል። በዘጠኝ ሰዓት ለተኛ ሰው፣ በሦስት ሰዓት ለሚጨፍር ሰው እንደሚመታው አይመታም። ድምፅን ማብረድ፣ አንዱን ዜማ ይዞ ሳያሰለቹ ማስረዘም፣ ለሳክስፎኑ ቦታ ለቆ ኦርጋኑን ከሥር ማስቀመጥ፣ ይህን ሁሉ የተማሩት በእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች ነው ብዬ አምናለሁ። በምንም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሥልጠና አልተሰጠም፣ ዋጋውም ከባድ ነበር፤ ሌሊቱን ያስረዘመው የሰው ደም ነበርና።

ግጥም ደግሞ ሳንሱር ነበረበት። የተጻፈ ቃል ሁሉ በባለሥልጣን ዓይን ያልፋል፣ ቃል የሌለው ዜማ ግን ማን ይከሰዋል? በ1977 ዋልያሶች «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ አወጡ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ አገዛቸው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ም እዚያ ላይ ነው ያለው። ይህን ዜማ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል፤ ቤዙ ከሥር እንደ ሰው እርምጃ ይሄዳል፣ ነፋሾቹም ከላይ አንድ ላይ ይጠሩታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጣ። ያ ዘመን ሸክላ ቀርቶ ካሴት የነገሠበት ዘመን ነው፣ ለዚህ ነው እኛ ቆቦ ላይ ተቀምጠን ልንሰማው የቻልነው።

በዚያው ዘመን በእኛም አገር በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው፣ የተባሉትን መዝሙር ዘምረው፣ ከዚያም ባለሥልጣኑ ሲሄድ እስክስታውን ያወርዱት ነበር። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ነበረ፣ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የአምባሰል ንግሥትም በእሱ ውስጥ አልፋለች። ብዙዎቹ ልጆች ግን ጦርነቱ በላቸው፣ ስደቱ በላቸው፣ ኑሮው በላቸው፤ የጎርፉ ብዛት ያን ያህል ሆኖ ማሳው የደረሰው ጥቂት ነው። ይህን ስናገር የእኔ ልብ ብቻ እንደማያዝን አውቃለሁ።

ከዚያም 1981 መጣና ዋልያሶች ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በየከተማው የመጣላቸው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገራቸው ልጅ ነበር፣ ከአብዮቱ የሸሸ፣ እናቱን ጥሎ የወጣ፣ ሰሐን እያጠበ የሚማር። እንግዲህ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ስትጫወት ምን ይሰማሃል? ሒልተን ውስጥ የተሰበሰበው ሰው መውጣት ስላልቻለ ነበር የሚቆየው፣ አሜሪካ የተሰበሰበው ግን መመለስ ስላልቻለ ነው። ጉዞው ሲያልቅ መመለሻው ቀን ደረሰ፣ ሻንጣውም ተዘጋጀ፣ ከባንዱም እኩሌቶቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ እኩሌቶቹ ቀሩ። ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ከቀሩት ናቸው። በቀረውም በተመለሰውም አልፈርድም። እኛም አገር ጦርነት ባፈናቀለን ጊዜ የሄደና የቆየ ነበረን፣ ሁለቱም ሌሊቱን ሳይተኛ ነው ያደረው።

የቀሩት ዙላ በሚል ስም ጥቂት ጊዜ አብረው ሠሩ፣ ከዚያም ተበተኑ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ። ባንድ የለውም፤ ድራሙን በማሽን ሞላው፣ ቤዙን በኪቦርድ ሞላው፣ በዚያ ሁሉ አዲስ ኤሌክትሪክ ላይም የልጅነቱን አኮርዲዮን መልሶ አነሳ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው በደረቱ ያነገተው ያ ዕቃ ነው፣ በባዕድ አገር ብቻውን ሲቀር የያዘው። «ሸሞንሟናዬ»ን በዚህ ካሴት ላይ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቆጥራል፣ አኮርዲዮኑ ግን እንደ ሰው ይተነፍሳል። ካሴቱ ወደ አገር ቤት መጣ፣ ተሸጠ፣ ተገለበጠ፣ እንደ ሌሎቹም አቧራ ለብሶ በየካሴት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ከዚያም ዘመኑ አለፈ፤ እሱም ጋሽ ኃይሉ ሆኑ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆኑ። ደላስ ከሚባለው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ፣ ተመልሰውም ተራ ይይዛሉ። ተራ መጠበቅ ረጅም ነው፤ ክረምቱ በረዶ ነው፣ በጋው ወበቅ ነው፣ ሾፌሮቹም ይጫወታሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ስልክ ያወራሉ። ጋሽ ኃይሉ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ አላቸው፣ ያንን አውጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ያስተካክሉታል፣ ጣታቸውም ያን የድሮውን መንገድ ይፈልጋል፣ ከዚያም ተራቸው ሲደርስ መሣሪያውን አኑረው መሪያቸውን ይይዛሉ፣ ሻንጣም ያነሳሉ፣ ተሳፋሪውም «ቼ በለው»ን የሠራ ሰው እንደሚነዳው ሳያውቅ ሒሳቡን ከፍሎ ይወርዳል። ግርማ በየነም በዚያው ከተማ ነዳጅ ማደያ ሠርተዋል። እኔ ይህንን እንደ ውርደት አድርጌ አላወራውም፣ እናንተም እንዳትሰሙት፤ በላብ የተገኘ እንጀራ ነው። የሚያስደንቀኝ ማንም በማይሰማበት በዚያ ወንበር ላይ፣ ለዓመታት፣ ያለ ጭብጨባ መለማመዳቸው ነው። በልጅነት ስትጫወት የሚያዩህን ትፈልጋለህ፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን የሚሰማቸው የራሳቸው ጆሮ ብቻ ነበር።

አሁን የሌላ አገር ልጆች እንዳሉ ነግሬአችሁ ነበር፣ እነሱን ልጥራቸው፤ ታሪካቸው ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳልና። በአሜሪካ ተልሳ የምትባል ከተማ አለች፣ በዚያች ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፣ አይዛክ፣ ቴይለርና ዛክ ሃንሰን። አባታቸው በነዳጅ ኩባንያ ሥራ ወደ ቬኔዙዌላ፣ ወደ ትሪኒዳድና ወደ ኤኳዶር ቤተሰቡን ይዞ ዞሯል፣ ልጆቹም ቋንቋውን በማያውቁት አገር ከቤት ይዘው የሄዱትን የድሮ ሮክ ኤንድ ሮል ካሴት እየሰሙ አደጉ። አያችሁ፣ እዚያም ካሴት ነው። በ1997 «ምምቦፕ» የሚል ዘፈን አወጡ፣ ትንሹ ዛክ ገና 11 ዓመቱ ነበር፣ ዘፈኑም በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ወጣ፣ ሴት ልጆች ሲያዩአቸው ያለቅሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሲያትል በሚገኝ አንድ ትልቅ አዳራሽ የተጫወቱት ተቀድቶ የመድረክ አልበም ሆነ፣ በዚያ ላይ የጩኸቱ ብዛት ከዘፈኑ ይበልጣል። የቴይለርም ድምፅ ከልጅነት ወደ ጉብዝና እየዞረ ነበር፣ በቀጭን ድምፁ የዘፈነውን ዘፈን ዝቅ አድርጎ መዝፈን ግድ ሆነበት። ያ ለልጅ ዘፋኝ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ እስቲ አስቡት፤ ሰው የወደደው ያንን ድምፅ ነበር፣ እሱም ከጉሮሮው እየሸሸ ነው።

ከዚያም አሳታሚው ኩባንያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፣ የድሮዎቹ ወዳጆቻቸው ሄዱ፣ አዲሶቹ ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ዘፈኖቻቸውን አይሆንም አይሆንም እያሉ መለሱባቸው። ወንድማማቾቹም ለቀቁና በ2003 የራሳቸውን አሳታሚ ቤት አቋቋሙ፣ በ2004ም በራሳቸው ገንዘብ አልበም አወጡ፣ በ2005 ደግሞ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ላይ የተጫወቱትን በመድረክ አልበም አሳተሙ። የ1998ቱንና የ2005ቱን አከታትሎ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ልጆቹ ከጩኸቱ ጋር ይሽቀዳደማሉ፤ በሁለተኛው ግን ዛክ ድራሙን ወንድሞቹ ሲዘፍኑ ያበርደዋል፣ ቴይለር ፒያኖው ላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ሕዝቡም ይዘፍናል እንጂ አይጮህም። ሰባት ዓመት ነው በመሐል ያለው። ለእነሱ ሰባት ዓመት በቃቸው፤ ለጋሽ ኃይሉ ዕድሜ ልክ ወሰደ፣ መንገዱ ግን አንድ መንገድ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ፣ አገር ለአገር እየዞረ ከየመደርደሪያው የተረሳውን የሚፈልግ። ይህ ሰው ባሕር ዳር መጣ፣ ጣና ዳር፣ ካሴትም ሊያይ ካሴት ቤት ገባ፣ ያቺን የ1985ቷን ካሴት አገኘ። ገዛት፣ ሰማት፣ ከዚያም ባለቤቷን ፈልጎ በስልክ አገኛቸው። በ2013 ካሴቷ እንደገና ታተመች፣ በዓለም ላይ ያሉ ወጣቶችም «ይህ ሰው ማነው?» ማለት ጀመሩ፣ ታክሲ የሚነዱትም ሽማግሌ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አውስትራሊያ ተጠሩ። ሰዉን አድርሰው ይመለሱበት በነበረው አውሮፕላን ማረፊያ አሁን እሳቸው ራሳቸው ተሳፋሪ ሆኑ። ሌሎች ካሴቶቻቸውም ተራ በተራ ከአቧራቸው ወጡ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ አድርገው ሠሩ።

እኔ ግን ልቤ ያለው በአንዲት ምሽት ላይ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 በፈረንጆች፣ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን። ወደቡ አጠገብ ድሮ ብረት ይሠራበት የነበረ በጡብ የታነጸ ያረጀ ፋብሪካ አለ፣ ዛሬ የጥበብ ቤት ሆኗል፣ ስሙ ፓዮኒየር ወርክስ ይባላል። የበጋ ሙቀት ነው፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ወፍራም ግድግዳ። መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ኃይሉ በኪቦርዳቸው፣ አለምሰገድ ከበደ በቤዙ፣ ኬኔት ጆሴፍ በድራሙ። ያ ሒልተን ላይ የነበረው የነፋሾች ሰልፍ የለም፣ ጊታርም የለም። በሰባት ስምንት ሰው የተሠራን ዜማ በሦስት ሰው ማቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጎደለውን ሁሉ በጣትህ ልሙላ ብትል ሙዚቃው ይታፈናል። ጋሽ ኃይሉ ግን አይሞሉትም። ዜማውን ያነሱና ያስቀምጡታል፣ ለቤዙ መንገድ ይለቃሉ፣ ድራሙ ሲናገር ያዳምጣሉ፣ ከዚያም በትክክል ሰው «አሁን ቢገባ» ብሎ በሚመኝበት ቦታ ላይ ይገባሉ።

የመድረክ ቅጂ ማለት ይህ ነው፤ ተሳስተው ተመልሰው የሚቀዱበት ጊዜ የለም። ዛሬ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፃዊው ለብቻው፣ ከበሮው ለብቻው፣ ማሲንቆው ለብቻው ይቀዳና ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠማል፣ ያልደረሰውም ድምፅ ይታረማል። ይህን አላወግዝም፣ ጥሩ ጥሩ ሥራም ወጥቶበታል። ነገር ግን የሰውን ብስለት ማወቅ የፈለገ ሰው በአንድ ቤት፣ በአንድ ሌሊት፣ ሰው ፊት የሠራውን ይስማ። እኛ ይህን ከጥንትም እናውቀዋለን፤ በራያ ሠርግ ዘፋኝና ተቀባይ የሚባል ድንበር መቼ ነበረን? አማርኛውም ትግርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ጭብጨባ ይሄዳል፣ የሚያወጣው ሰው ተቀባዩን ካልሰማ ጨዋታው ይፈርሳል፣ ይህንንም ለማወቅ ማንም ካሴት አላስፈለገው።

ሌላም ነገር አለ፣ ወገኖቼ፣ ለወሎ ሰው የሚሆን። አገሪቱ በአራት ቅኝት ትዘፍናለች፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከእነዚህ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ ባቲ ሰኞ ሰኞ ግመል የምታነሱበት ገበያ ነው፣ አምባሰል ደግሞ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውጫሌ ላይ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ የምታዩት አምባ ነው። በብሩክሊን በዚያ ምሽት የቆመው ሕዝብ ብዙው እነዚህን ቦታዎች በስማቸውም አያውቃቸውም፣ የሰማው ሙዚቃ ግን በእነዚህ ቅኝቶች ውስጥ ያደገ ሰው ሙዚቃ ነው። በአንድ ወቅት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በእኛ መንገድ ወደ እኛ ይመጣ የነበረው ዜማ ሥሩ ከእኛው አምባ መሆኑን እናውቅ ነበር፣ ነገር ግን በካሴቱ ላይ አልተጻፈም።

ያ ምሽት ወዲያው አልወጣም፤ ሰባት ዓመት በመዝገብ ተቀምጦ በ2023 በአልበምነት ታተመ። ዛሬ ቆቦ ላይ ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ሊሰማው ይችላል። ከየት ልጀምር የሚለኝ ቢኖር፣ መጀመሪያ የ1977ቱን «ሙዚቃዊ ስልት» በደንብ ይስማና ነፋሾቹ ስንት እንደሆኑ ልብ ይበል እለዋለሁ፤ ከዚያም የ1985ቷን ካሴት፣ አኮርዲዮኑ ከማሽኑ ጋር ሲሄድ፤ ከዚያም የብሩክሊኑን «ትዝታ» ይክፈት። ሲከፍትም ዜማውን ብቻ አይከተል፤ ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን የሚያነሱባቸውን ቦታዎች፣ ቤዙና ድራሙ ብቻቸውን የሚቀሩባቸውን፣ እነዚያን ይቁጠር። በሻይ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል፣ ቤዙ በደንብ የሚሰማው እንደዚያ ነው።